ሌሊት ሥራ የሚፈቱ የላብ ኮምፒውተሮችን በግሪድ ማያያዝ ያዋጣል ወይ?

አዝመራው (ጠያቂ)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አግሮሜትሮሎጂ አስተምራለሁ። የበቆሎና የማሽላ ምርት ከዝናቡ አገባብና አወጣጥ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ ለማጥናት ዲኤስኤስኤቲ በተባለው የሰብል ሞዴል እንጠቀማለን። አሁን የያዝነው ጥናት 4,000 የካርታ ነጥቦችን የሚሸፍን ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ የ30 ዓመት የአየር ጠባይ መረጃ፣ 6 የመዝሪያ ቀናትና 5 የማዳበሪያ መጠኖች ወስደናል። ይህ ሁሉ ሲባዛ ሞዴሉ 3.6 ሚሊዮን ጊዜ መሮጥ አለበት ማለት ነው። አንዱ ሩጫ በቢሮዬ ኮምፒውተር 2 ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅ፣ በአንድ ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ በሚያሰላ አንድ ክፍል) ብቻ ከተሠራ 2,000 ሰዓት፣ ማለትም ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ 83 ቀን ገደማ ይወስዳል። ሥራው ደግሞ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ አይደለም፤ የአፈሩ መረጃ በታረመ ወይም የጽሑፋችን ገምጋሚ ጥያቄ ባነሣ ቁጥር ከመጀመሪያው መድገም ይኖርብናል።

በሌላ በኩል ግቢያችን ውስጥ በድምሩ 60 ባለ4 ኮር ኮምፒውተሮች ያሏቸው ሁለት ላቦች አሉ። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማንም አይነካቸውም። እነዚህን በግሪድ ኮምፒውቲንግ፣ ማለትም ብዙ ኮምፒውተሮች አንድን ትልቅ ሥራ በኔትወርክ ተከፋፍለው በሚሠሩበት ዘዴ፣ አያይዘን ሌሊት ሌሊት ብናሠራቸው ብለን አስበናል፤ በሌላ ከተማ ያለ አንድ እኅት ዩኒቨርሲቲም ላቦቹን ይዞ ለመግባት ፈቃደኛ መሆኑን ገልጾልናል።

ማወቅ የምፈልገው ትክክለኛውን ጥቅምና ጉዳት ነው። ማስታወቂያ የሚመስሉ ጽሑፎች አንብቤአለሁ፤ ሁሉም «ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው» ይላሉ። ሥራውን በእጃችሁ የሠራችሁ ሰዎች የት ላይ እንደሚያስቸግር ብትነግሩኝ፣ ለዲኑ የማቀርበውን ሐሳብ በዚያ ላይ ተመርኩዤ አዘጋጃለሁ።

ሰናይት

መምህር አዝመራው፣ ጥያቄዎን ከነቁጥሩ ስላቀረቡ አመሰግናለሁ፤ መልሱ የሚወሰነው በእነዚያ ቁጥሮች ነውና። የምሠራው አውሮፓ ውስጥ ለቅንጣት ፊዚክስ ምርምር የኮምፒውተር አገልግሎት በሚሰጥ ማዕከል ስለሆነ፣ በቅርብ ከማውቀው ከትልቁ ግሪድ ልጀምር። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል በሰርን ኤልኤችሲ የተባለው የቅንጣት ማፋጠኛ ሲታቀድ፣ ከእርሱ የሚወጣውን መረጃ ሰርን ብቻውን ሊያከማቸውም ሊያሰላውም እንደማይችል ገና ከጅምሩ ታውቆ ነበር። ማፋጠኛው ሥራ ላይ ሲሆን በሰከንድ እስከ 1 ቢሊዮን የሚደርስ የፕሮቶን ግጭት ይፈጠራል፤ አብዛኛው እዚያው በቅጽበት ተጣርቶ ቢጣልም፣ የሚቀረው በየዓመቱ በብዙ ፔታባይት (አንዱ ፔታባይት 1 ሚሊዮን ጊጋባይት ነው) የሚቆጠር ነው። ስለዚህ አንድ ግዙፍ ማዕከል በመገንባት ፈንታ ሥራው በደረጃ ተከፋፈለ፦ ጥሬው መረጃ መጀመሪያ ሰርን ይቀመጣል፣ ግልባጩ ከአሥር ለሚበልጡ ትልልቅ ብሔራዊ ማዕከላት ይታደላል፣ ከዚያ በታች ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ደግሞ የማስመሰያ ስሌቱንና ትንተናውን ይሠራሉ። ዛሬ በዚህ ግሪድ ውስጥ ከ40 በላይ በሆኑ አገሮች የሚገኙ 170 ገደማ ማዕከላት አሉ፤ ከ1 ሚሊዮን በላይ ኮሮች ያሉት ሲሆን በቀን 2 ሚሊዮን ያህል ሥራዎችን ያስተናግዳል። ጁላይ 4 ቀን 2012 ሂግስ ቦዞን የተባለው ቅንጣት መገኘቱ ሲበሠር፣ የትንተናው ሸክም ያረፈው በእነዚህ ማዕከላት ላይ ነበር።

ይህ ግሪድ የተሳካበት የመጀመሪያው ምክንያት አንዱ ግጭት ከሌላው ጋር የማይገናኝ መሆኑ ነው። ጣሊያን ውስጥ የሚተነተነው ግጭት ታይዋን ውስጥ የሚተነተነውን አይጠብቅም፤ ውጤቱ መጨረሻ ላይ ይደመራል እንጂ በመካከል መነጋገር አያስፈልግም። የእርስዎም ሥራ እንዲሁ ነው፤ የአንዱ ነጥብ በቆሎ የጎረቤቱን ነጥብ ውጤት ሳይጠይቅ ይበቅላል። እንደ ደብሊውአርኤፍ ያለ የአየር ትንበያ ሞዴል ቢሆን ኖሮ ግን ከወዲሁ ይተዉት ባልኩ ነበር፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው ሞዴል ካርታውን ለፕሮሰሰሮች ሲያከፋፍል፣ እያንዳንዱ ክፍል በእያንዳንዱ የጊዜ እርምጃ የጎረቤቶቹን ነፋስ፣ ሙቀትና እርጥበት መቀበል አለበት። ከ240 ኮሮች አንዱ ቢዘገይ 239ኙ ቆመው ይጠብቁታል። ያ ሥራ የሚሻው ክላስተር፣ ማለትም አንድ ቦታ ተሰባስበው በፈጣን ገመድ የተያያዙ ኮምፒውተሮች ነው፤ በተራ የላብ ኔትወርክ ላይ ኮምፒውተር መጨመር ጭራሽ ሊያዘገየው ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው፤ እኔ ከቴክኒኩ ይልቅ ይህ ይመዝናል ብዬ አምናለሁ። አንድ መንግሥት ገንዘቡን ሌላ አገር ለሚተከል ማሽን ከመስጠት፣ በራሱ ዩኒቨርሲቲ ማሽን ተክሎ የራሱን ልጆች ቢያሠለጥንበት ይመርጣል። ግሪዱ ይህን ስለፈቀደለት ብዙ አገር ገባ፤ ዕውቀቱም በየአገሩ ቀረ። ለትናንሽ ተቋማት ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም አላየሁም።

ጉዳቱ ከዚሁ ጥቅም የሚመነጭ ነው። ማሽኖቹ የብዙ ባለቤቶች ስለሆኑ ሁሉም አንድ ዓይነት ሊሆኑ አይችሉም። አንዱ ማዕከል ያለው የሶፍትዌር ቅጂ ሌላው ዘንድ የለም፤ አንዱ ዛሬ ለጥገና ይዘጋል፣ ሌላው ሳይናገር ዲስኩ ይሞላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተጠቃሚው ሥራውን ወደ ሩቅ ማዕከል ልኮ ብዙ ሰዓት ተራ ከጠበቀ በኋላ፣ አንድ ፋይል በመጥፋቱ ምክንያት ብቻ ሥራው ወድቆ ይመለስለት ነበር። መፍትሔው የመጣው አሠራሩን በመገልበጥ ነው፦ መጀመሪያ ወደ ማዕከሉ ባዶ መልእክተኛ ፕሮግራም ይላካል፤ እርሱ ዲስኩን፣ ሜሞሪውንና ሶፍትዌሩን ፈትሾ ሁሉም ከተሟላ እውነተኛውን ሥራ ከማዕከላዊው ወረፋ ይስባል፤ ካልተሟላ ምንም ሳይነካ ይወጣል። ማንነትን የማረጋገጡ ጉዳይም እንዲሁ አድካሚ ነበር። ተመራማሪው በአገሩ ከታወቀ አካል ዲጂታል ሰርተፊኬት ማውጣት፣ በየዓመቱ ማሳደስና በየማሽኑ በትክክል መጫን ነበረበት፤ በዚህ ብቻ ተሰላችተው ግሪዱን የተዉ ተማሪዎች አውቃለሁ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በዘርፉ ስመ ጥር የሆነው ኢያን ፎስተር በ2002 ባቀረበው መለኪያ መሠረት፣ ግሪድ ሊባል የሚገባው በአንድ አካል ቁጥጥር ሥር ያልሆኑ ማሽኖችን ክፍት በሆነ የጋራ ደንብ አስተባብሮ ቁም ነገር ያለው አገልግሎት የሚሰጥ ሥርዓት ነው። በዚህ መለኪያ ሁለቱ ላቦችዎ ገና ግሪድ አይደሉም፤ በአንድ የአይሲቲ ክፍል ሥር ያሉ የተሰባሰቡ ኮምፒውተሮች ናቸው። ይህ ለእርስዎ መልካም ዜና ነው፤ ከላይ ከዘረዘርኩት ችግር አብዛኛው አያገኝዎትም። እኅት ዩኒቨርሲቲው የገባ ዕለት ግን ጉዳዩ ከቴክኒክ ወደ ስምምነት ይሸጋገራል።

ግርማ፣ አይሲቲ

እኅታችን ሰናይት ያለችው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ ከላቡ በር ወደ ውስጥ ያለውን ልጨምር። በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሰርቨርና የላብ ኃላፊ ሆኜ እሠራለሁ፤ የመምህሩን የመሰለ ሥራም አስተናግደናል።

ለዚህ የሚሆነው ሶፍትዌር ኤችቲኮንዶር ነው። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ በሚሮን ሊቭኒ መሪነት ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲሠራበት የቆየ፣ በነጻ የሚገኝ፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም የሚሠራ ነው። አንድ ኮምፒውተር አስተባባሪ ይሆናል፣ አንዱ ሥራ መላኪያ ይሆናል፣ የቀሩት ሠራተኞች ናቸው። ለዴስክቶፕ በተዘጋጀው መደበኛ ደንብ መሠረት ሥራ የሚጀመረው ኪቦርዱና ማውሱ ለ15 ደቂቃ ሳይነኩ ሲቀሩና ፕሮሰሰሩ ሌላ ጫና እንደሌለበት ሲረጋገጥ ነው። ተማሪ መጥቶ ማውሱን ሲነካ ሥራው ወዲያው ገታ ይላል፤ ተማሪው ከቆየ ደግሞ ከዚያ ማሽን ተነሥቶ ወደ ወረፋው ይመለሳል። ላቡ የተማሪ መሆኑ ሳይነካ ትርፍ ሰዓቱን ብቻ መጠቀም የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። መምህር፣ 3.6 ሚሊዮኑን ሩጫ አንድ በአንድ እንዳይልኩ አደራ። ለ2 ሰከንድ ሩጫ ማሽን መፈለግ፣ ፋይል መላክና ውጤት መመለስ ከሩጫው ብዙ እጥፍ ጊዜ ይፈጃል፤ ወረፋውም በራሱ ክብደት ይታነቃል። በነጥብ ይጠቅልሉት። በአንድ ነጥብ 30 ዓመት በ6 የመዝሪያ ቀን በ5 የማዳበሪያ መጠን 900 ሩጫ ነው፤ ይህም ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዳቸው ግማሽ ሰዓት የሚፈጁ 4,000 ሥራዎች ይኖሩዎታል። 240 ኮር ላይ ሲከፋፈሉ 17 ዙር፣ ማለትም 8 ሰዓት ተኩል። በአንድ ሌሊት ሊያልቅ ይችላል ማለት ነው። የግማሽ ሰዓቱ ልክ ለሌላም ይጠቅማል፤ ሥራው መሐል ላይ ቢቋረጥ ከመጀመሪያው ስለሚጀምር፣ መብራት ቢጠፋ ከእያንዳንዱ ኮር የሚባክነው ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። የ8 ሰዓት ሥራ አድርገው ቢልኩት ኖሮ በእኛ አገር መብራት አንዱም ላይጠናቀቅ ይችላል።

መረጃውም ቀላል ነው። የአንድ ነጥብ የ30 ዓመት የአየር ጠባይ ፋይል 11,000 ያህል መስመር ስለሚኖረው ከ400 ኪሎባይት አይበልጥም፤ ለ4,000ው 1.6 ጊጋባይት ቢሆን ነው። ሲመለስ ግን ሞዴሉ የሚጽፈውን የየዕለት ዝርዝር ፋይል ሁሉ አታስመልሱ፤ ማጠቃለያውን ብቻ። አንድ ጊዜ ይህ ባለመነገሩ የመላኪያው ማሽን ዲስክ ሌሊቱን ሞልቶ ጠዋት ላይ ሁሉም ቆሞ አግኝተነዋል።

የሚያስቸግረው ነገር ትንሽ የሚመስለው ነው። ብዙ ላቦች ላይ ዲፕ ፍሪዝ ተጭኗል፤ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ወደ ቀድሞ ሁኔታው ስለሚመልሰው፣ የኤችቲኮንዶር የሥራ ማኅደር ዲፕ ፍሪዝ በማይነካው የዲስክ ክፍል ላይ ካልተቀመጠ ሁሉም ይጠፋል። ዊንዶውስ ራሱ ማንም ሳይነካው ሲቆይ እንዲተኛ ተደርጎ ከተስተካከለ፣ ሥራው ሊጀምር ሲል ማሽኑ ያንቀላፋል። አንቲቫይረሱ የማይታወቅ ፕሮግራም በስልሳ ማሽን ላይ ባንድ ጊዜ ሲነሣ ሲያይ ይሰርዘዋል፤ ፕሮግራሙን በስሙ ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ላቡን የሚዘጋው ሠራተኛ ማታ ብሬከሩን አውርዶ የሚሄድ ከሆነ፣ ከእርሱ ጋር አስቀድሞ መነጋገር የግድ ነው። እነዚህን ነገሮች በየላቡ ዞሮ የሚያስተካክልና ነገም ሲበላሹ የሚከታተል አንድ ሰው በስም ካልተመደበ፣ ሶፍትዌሩ ነጻ መሆኑ ብቻ ሥራውን ርካሽ አያደርገውም።

ናሆም

ከሁለቱም አስተያየት ሰጪዎች ጋር በመሠረቱ ባልለያይም፣ መምህሩ ለዲኑ ሐሳብ ከማቅረባቸው በፊት አንድ ማነጻጸሪያ ማየት አለባቸው ብዬ አምናለሁ። አጠቃላይ ሥራው 2,000 የኮር ሰዓት ነው። የኮሮቹ ፍጥነት ተቀራራቢ ነው ብለን ብናስብ፣ 64 ኮር ያለው አንድ ሰርቨር ይህን በ31 ሰዓት ይጨርሰዋል። አንድ ሰርቨር፣ አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ)፣ አንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም። ዲፕ ፍሪዝ የለ፣ ብሬከር የሚያወርድ የለ፣ ስልሳ ቦታ ዞሮ ማስተካከል የለ። አንድ ሌሊት በአንድ ቀን ከሰባት ሰዓት ቢተካ ለጥናቱ ምን ይጎድላል?

በ1990ዎቹ መጨረሻ ግሪድ ሲጀመር የአንድ ፕሮሰሰር ኮር አንድ ነበር፤ ብዙ ኃይል የሚገኘው ብዙ ማሽን በማያያዝ ብቻ ነበር። ያ ሁኔታ ተለውጧል። በ2006 ደግሞ አማዞን የኮምፒውተር ኃይልን በሰዓት ማከራየት ከጀመረ ወዲህ፣ የንግዱ ዓለም ከግሪድ ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደሚከራይ ኮምፒውተር፣ አዘንብሏል። በዚያ ዘመን የአብዛኛው ግሪድ መሠረት የነበረው የግሎበስ የሶፍትዌር ጥቅል እንኳ ከ2018 ጀምሮ በሠሪዎቹ መደገፉ ቀርቷል። እንደ ሰርን ያለ ሥራ የያዘ ሰው ግሪድ ያስፈልገዋል፤ 2,000 የኮር ሰዓት የያዘ ሰው ግን መጀመሪያ ቀላሉን መንገድ ሊጠይቅ ይገባል።

የመብራቱንም ሒሳብ ማንም አላነሣውም። አንድ የላብ ኮምፒውተር በሙሉ ጫና 120 ዋት ይወስዳል እንበል። ሌሊት ይጠፉ የነበሩ 60 ማሽኖች ሲበሩ 7.2 ኪሎዋት ነው፤ በ8 ሰዓት ተኩል 61 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። አንድ ሰርቨር 600 ዋት ቢወስድ በ31 ሰዓት ከ19 ኪሎዋት ሰዓት አያልፍም። «ነጻ» የተባለው ትርፍ ሰዓት በቆጣሪው ላይ ሲታይ ከሦስት እጥፍ በላይ ያስከፍላል ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱ ላቦች በአዲስ ቢተኩ ወይም ክፍሎቹ ለሌላ አገልግሎት ቢውሉ ደግሞ የተደከመበት ማስተካከያ ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

አዝመራው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የወንድሜ የናሆም ሒሳብ ያሳሰበኝ ነው፤ በተለይ የመብራቱ። ሆኖም ሰርቨሩ ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል፣ በጨረታም ያልፋል፤ በጀቱ ቢፈቀድልን እንኳ እጃችን እስኪገባ የዘንድሮው ጥናት ያልፍበታል። ክላውዱም የሚከፈለው በዶላር ካርድ ስለሆነ ለትምህርት ክፍላችን ቀላል አይደለም። ላቦቹ ግን ዛሬ አሉ። ስለዚህ የግዢውን ጥያቄ ከወዲሁ አስገብቼ፣ እስከዚያው በላቦቹ ለመሥራት አዘነበልኩ።

ሁለት ነገሮች ቀሩኝ። አንደኛ፣ በየቤታቸው ኮምፒውተር ያላቸው በጎ ፈቃደኞች የሚሳተፉባቸው ፕሮጀክቶች እንዳሉ አንብቤአለሁ፤ ይህ ለእኛ ይሆናል? ሁለተኛ፣ ውጤቱ ከስልሳ የተለያዩ ማሽኖች ሲሰበሰብ ትክክል መሆኑን በምን አረጋግጣለሁ? የእኅት ዩኒቨርሲቲውንም ጉዳይ ከየት ልጀምረው?

ትዕግሥት

ስለ በጎ ፈቃደኞቹ እኔ ልመልስ፤ ለብዙ ዓመታት ኮምፒውተሬን ለእንዲህ ያሉ ፕሮጀክቶች አውያለሁ።

በዚህ መንገድ ከሁሉ በላይ የታወቀው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ በሜይ 1999 የተጀመረው፣ ከምድር ውጪ የሚኖር የማሰብ ችሎታ ያለው ፍጡር ምልክት በሬዲዮ ሞገድ ውስጥ የሚፈልገው ሴቲ አት ሆም ነው። ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል፤ በማርች 2020 ሥራ ማደሉን አቁሟል። ከእርሱ የተወለደው ቦይንክ የተባለው ሶፍትዌር ግን ለማንም ክፍት ነው። ለመምህር አዝመራው ሥራ የሚቀርበው ምሳሌ የስዊስ የሐሩር አካባቢ ሕክምና ተቋም ያካሄደው የወባ ስርጭት ሞዴል ነው፤ በቦይንክ አማካይነት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኮምፒውተሮች ላይ፣ አጎበርም ሆነ ክትባት በተለያየ መጠን ቢሰጥ በአፍሪካ የወባ ሁኔታ ምን እንደሚመስል ሲሰላበት ቆይቷል። የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲም በ2007 የአፍሪካን የአየር ንብረት ሞዴል በአይቢኤም የበጎ ፈቃደኞች ግሪድ ላይ አሠርቷል።

ለእናንተ ግን አሁን አልመክረውም። የማያውቁት ሰው ኮምፒውተር የሚመልሰውን ውጤት ማመን አይቻልም፤ ፕሮሰሰሩ ከመጠን በላይ ሞቆ የተሳሳተ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል፣ ለተሳታፊዎች የሚሰጠውን የውድድር ነጥብ ለመሰብሰብ ብሎ ሐሰተኛ ውጤት የሚልክም ሰው ነበር። ስለዚህ ቦይንክ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ሥራ ለሁለት ወይም ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ልኮ ሲመሳሰሉ ብቻ ይቀበላል፤ ይህም ከተሰጠው ኃይል ቢያንስ ግማሹን ይበላል። በዚያ ላይ በጎ ፈቃደኛው ሰው ነው፤ ኮምፒውተሩ ምን እየሠራ እንደሆነ ሊነገረው፣ ጥያቄው ሊመለስለት፣ የተገኘው ውጤት ሊደርሰው ይገባል። ፕሮጀክቶች ዝም ሲሉ ተሳታፊዎቻቸው ሲበተኑ አይቻለሁ። ለ2,000 የኮር ሰዓት ይህን ሁሉ መሸከም አያስፈልግም።

ግርማ፣ አይሲቲ

ስለ ትክክለኛነቱ፦ ላቡ የራሳችሁ ስለሆነ ሁሉን ሁለት ጊዜ መሥራት አያስፈልግም። መጀመሪያ ከ4,000ዎቹ ነጥቦች መቶ ያህል ምረጡ፤ ቆላውንም ደጋውንም፣ ዝናብ አጠሩንም ዝናብ ጠገቡንም የሚወክሉ ይሁኑ። እነዚህን በቢሮዎ ኮምፒውተር ላይ አሠርተው ውጤቱን ያስቀምጡ፤ ከዚያ በየላቡ አሠርተው ያነጻጽሩ። ሁሉም ማሽኖች አንድ ዓይነት የሞዴሉን ቅጂ ከያዙ ልዩነት ሊኖር አይገባም። ዊንዶውስና ሊኑክስ ከተቀላቀሉ ግን ቁጥሮቹ በመጨረሻዎቹ አሐዞች ሊለያዩ ይችላሉ፤ ሞዴሉ «ዛሬ በቂ ዝናብ ዘንቧል፣ ይዘራ» ብሎ የሚወስንበት ወሰን ላይ ሲደርስ ያ ትንሽ ልዩነት የመዝሪያውን ቀን ወደ ነገ ሊገፋው ይችላል። ስለዚህ አንዱን ጥናት በአንድ ዓይነት ሥርዓት ብቻ ጨርሱት። ከእያንዳንዱ ውጤት ጋር የሠራው ማሽን ስም ተመዝግቦ ይመለስ፤ አንድ ማሽን ሜሞሪው ተበላሽቶ ከሆነ ከእርሱ የመጡትን ለይቶ መድገም የሚቻለው ያኔ ነው።

የናሆምን የመብራት ሒሳብ በተመለከተ፣ ሥራው ለሚካሄድበት ሌሊት ብቻ ማሽኖቹን በኔትወርክ ትእዛዝ ማስነሣትና ወረፋው ሲያልቅ ማጥፋት ይቻላል። ወጪውን አያስቀረውም፤ ነገር ግን ሥራ በሌለበት ሌሊት ስልሳ ማሽን በከንቱ በርቶ ከማደር ያድናል።

ሰናይት

የእኅት ዩኒቨርሲቲውን ጉዳይ እኔ ልመልስ። በቴክኒክ በኩል ሁለቱን ወደ አንድ ሥርዓት መቀላቀል አያስፈልግም፤ ባይቀላቀሉም ይሻላል። ኤችቲኮንዶር ውስጥ የአንዱ ግቢ ወረፋ ሲሞላ ትርፉን ሥራ ወደ ሌላው ግቢ የሚያሳልፍበት መንገድ አለ፤ ሁለቱም አስተባባሪዎች የየራሳቸውን ደንብ እንደያዙ ይቆያሉ። ከሁለቱም ወገን መፈቀድ ያለበት የተወሰኑ ማሽኖች አድራሻ፣ በፋየርዎሉ (የኔትወርኩን ግንኙነት በሚቆጣጠረው መከላከያ) ላይ 9618 የተባለው የግንኙነት በር (ፖርት) እና የማንነት ማረጋገጫው ቶክን (ዲጂታል የይለፍ ምልክት) ነው። በሩ ለኢንተርኔት ሁሉ ሳይሆን ለእነዚያ ማሽኖች ብቻ ይከፈት። መስመሩም አያሰጋም፤ ግርማ ያሰላው 1.6 ጊጋባይት በ10 ሜጋቢት መስመር ሁሉም ቢላክ እንኳ ከሃያ ደቂቃ ብዙ አያልፍም።

ከዚያ በፊት ግን ሁለት ገጽ የማይሞላ ስምምነት በጽሑፍ ይኑር፤ የሁለቱም የአይሲቲ ኃላፊዎች ይፈርሙበት እንጂ በመምህራን ወዳጅነት ብቻ አይጀመር። በስምምነቱ ውስጥ በፈተና ሰሞን ሥራውን ያለ ማስጠንቀቂያ የማቆም መብት ያለው ማን እንደሆነ፣ በእናንተ ሥራ ምክንያት አንድ ማሽን ቢበከል ማን ተጠርቶ እንደሚያስተካክለው፣ የእነርሱ ተመራማሪ ሥራ ሲያመጣ በእናንተ ላቦች ስንት ሰዓት እንደሚያገኝ ተለይቶ ይጻፍ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ከሁለት ወገን አንዱ ሁልጊዜ ሰጪ፣ ሌላው ሁልጊዜ ተቀባይ የሆነበት ግሪድ ሰጪው ኃላፊ የተለወጠ ዕለት ይዘጋል። ኤችቲኮንዶር ማን ምን ያህል እንደተጠቀመ ስለሚመዘግብ፣ ያንን መዝገብ በየሦስት ወሩ ለሁለቱም ዲኖች ላኩላቸው፤ ለሰርቨሩ ግዢ ያስገቡት ጥያቄም ሲታይ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይኖርዎትም።